ገና ያልተበላ ጡረታ

እኔ በአንድ ከተማ ችሎት ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ምርቃት ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የከተማውን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬ ገና በከተማው እጅ ነው። አንባቢ «ምርቃት ደግሞ ይመዘገባል እንዴ?» ብሎ ቢስቅ አልቀየመውም። እኔም በተቀጠርኩ ሰሞን ስቄ ነበር። የመጀመሪያውን ደሞዝ ስቀበል ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ጡረታ የሚከፈለው በእህል ነው። ማንም የከተማ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር በጡረታ ቤት ውስጥ አንድ ጎታ በስሙ ይቆምለታል። ከደሞዙ በየወሩ እየተነሣ እዚያ ይጨመራል፤ አፉም በጭቃ ተመርጎ ይታተማል። ስልሳ ዓመት ሲሞላው እስኪሞት ድረስ በወር አንድ ቁና ይሰፈርለታል። ሲሞት ሚስቱ ግማሹን ትበላለች። ከስልሳ በፊት ግን ጎታውን መክፈት፣ መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ለልጅ መስጠት ክልክል ነው። አንድ ሰው «መሙላቱን ልስማ» ብሎ የገዛ ጎታውን በጣቱ አንኳኩቶ ሦስት ቀን ሲታሰር ዐይቻለሁ።

ችሎቱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሌባ ከተፈረደበት የሰረቀውን ይመልሳል። በልቶት ከሆነ ያለው ንብረት ሁሉ ይገመትና እስከ ስርቆቱ ልክ ይከፍላል። «ያለው ንብረት» ሲባል ጡረታም ይገባበታል። ገና ያልደረሰው፣ ሊነካው የማይችለው ጡረታ፣ በእጁ እንዳለ ይቆጠራል። መክፈል ካቃተው ላልተከፈለ አራት ቁና አንድ ወር ይታሰራል። ሁለቱንም ሕጎች የፈረመው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ቀን ፈረማቸው ይባላል፣ አንዱን ከምሳ በፊት አንዱን ከምሳ በኋላ።

ታዲያ ያልተበላ ጡረታ ስንት ያወጣል? ሰውዬው ስንት ዓመት እንደሚበላው ካልታወቀ ይህም አይታወቅም። ድሮ ሐኪም ይጠየቅ ነበር። አንድ የከብት ሌባ አምስት ሐኪሞች «ዓመት አይሞላውም» ብለው መሰከሩለትና ጡረታው በባዶ ተገምቶ ተለቀቀ። ከዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረ። ያውም በየዓመቱ በተለቀቀባት ቀን ችሎቱ በር ላይ ቆሞ የተጠበሰ በቆሎ ይግጥ ነበር። ችሎቱ ይህን ውርደት አልረሳም። የሐኪም ቃል ከደጅ እንዲመለስ ተደነገገ። የሰውን ዕድሜ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው፣ እግዜር የሚሰማው ደግሞ ምርቃትን ነው ተባለ። ስለዚህ ተከሳሹን የሚያውቁ ሰዎች ችሎት ቆመው ሲመርቁት እኔ እጽፋለሁ፤ ከተጻፈውም ረጅሙ ዕድሜ ይያዛል። ከመቶ ዓመት ያለፈ ግን አይያዝም። «ሺህ ዓመት ያኑርህ» ያለ ሰው መቶ እንዳለ ይቆጠራል፤ ችሎቱ ማጋነን አይወድም።

«ይህ ሰው በቅርቡ ይሞታል» ብሎ መመስከርም ተፈቅዷል። ይህን ማለት የሚችለው ግን ከተከሳሹ ጋር በአንድ ማዕድ የሚበላ ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እስክትመጣ ድረስ እንዲህ ያለ ምስክር ጽፌ አላውቅም ነበር። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ እንኳ «ትንሽ አሞት ነበር» ነው የሚለው። ስለ እሷ ከማወራው ግማሹን በዓይኔ አየሁት፣ ግማሹን በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ባሏ አቶ ይርዳው የከተማው ጎተራ ጠባቂ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምትለዋን ተረት ከሌላው ትምህርት ሁሉ አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከገበሬ ሲቀበል በሰፊው ቁና፣ ለድሃ ሲሰፍር በጠባቡ ቁና እየሰፈረ ልዩነቱን ወደ ቤቱ አጋዘ። ሲደመር ስድስት መቶ ቁና ሆነ። በአንዱ ልጃቸውን ዳሩ፤ ልጅቱ ባሏን ተከትላ ሩቅ አገር ሄዳ ቀረች። በሌላው ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። የቀረውን በሉት። ማንጠግቦሽ ማንም ሳይጠይቃት «አብረን በልተነዋል» አለች። ዳኛው ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ፤ ሳትጠየቅ ያመነች ሚስት የምትከሰስበት አንቀጽ አልነበረውምና ቃሏን ዘለለው።

ይርዳው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ንብረቱ እስኪገመት በዋስ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳል ያዘው። እግሩም አበጠ። ማንጠግቦሽ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፤ እግሩን በአውራ ጣቱ ተጫነና የሰረጎደው እስኪሞላ ጠበቀ። ከዚያ «እርስዎ ልብስዎን ይልበሱ» ብሎት እሷን ወደ ጓሮ ጠራት።

«እህቴ፣ ይህን ክረምት አያልፍም» አላት።

«መድኃኒት የለውም?»

«ጨው አትስጪው። ትራሱን ከፍ አድርጊለት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ማንጠግቦሽ ሠላሳ ዓመት ከይርዳው ጋር ኖራለች። ክፉ ባል አልነበረም፤ ደግ ባል ነበር ብላም አትምልም። ያን ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም፣ ይህ ሰው ከሌለ ቤት ገብታ ከማን ጋር እንደምትጣላ ማሰብ አቃታት። እንባዋን ጠርጋ ወጣች።

«ምን አለሽ?» አላት መንገድ ላይ።

«ብርድ ነው አለ።»

«አላልኩሽም! ይሄ የጎተራው ብርድ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሚንቶ ላይ ቆሜ!» እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነበርና መንገዱን ሁሉ ስለ ጡረታው አወራ። ሦስት ዓመት ብቻ ቀረኝ አለ። የመጀመሪያዋን ቁና በሰው አላስይዝም፣ ራሴ ተሸክሜ በገበያው መሀል አልፋለሁ አለ። «ያቺን እህል ማንም የሰረቅከው ነው ሊለኝ አይችልም፣ ማንጠግቦሽ!» እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተራመደች።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለማንም የምለውን አልኳት። ቤታቸው መቶ ቁና ተገምቷል። ይርዳው መቶ ዓመት ይኖራል ከተባለ ከስልሳው በኋላ አርባ ዓመት ይበላል፤ በዓመት አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት መቶ ሰማንያ ቁና ነው። ጎታው ስለማይከፈት ይህን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ካላመጣ አሥር ዓመት ይታሰራል። ስልሳ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል ከተባለ ግን ጡረታው ባዶ ነው፤ ቤቱን ብቻ ሰጥቶ በነጻ ይሄዳል።

«ቤቱ በየትኛውም በኩል ሄዷል በለኛ» አለች።

«ሄዷል፣ እትዬ።»

«እንግዲህ የቀረው እሱ የት ይሞታል ነው። ወህኒ ውስጥ ብቻውን፣ ወይስ ኪራይ ቤት ከእኔ ጋር።» ቀና ብላ ዐየችኝ። «እኔ ብመሰክር ይሰማሉ?»

«በአንድ ማዕድ ትበላላችሁ፣ ይሰማሉ። ግን እሱ ፊት ነው የሚባለው፤ ተከሳሹ በሌለበት ስለ ዕድሜው አይነገርም።»

ይህን ስላት ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ሐኪሙ ያለውን ለባሏ አልነገረችውም። በሰው ሁሉ ፊት፣ ከእሷ አፍ፣ ሞቱን ሊሰማ ነው።

በሳምንቱ የዕድሜ ተማኙ ቤታቸው መጣ። ይህ ሰው ሥራው ምርቃቱ ከመሰማቱ በፊት የተከሳሹን ሁኔታ አይቶ ለችሎቱ መጻፍ ነው፤ ጥርስ ይቆጥራል፣ ደረጃ ያስወጣል፣ ስለ ወላጅ ይጠይቃል። ማንጠግቦሽ ባሏን አልጋ ላይ ልታቆየው ሞክራ ነበር። ይርዳው እንግዳ ሲመጣ ተኝቶ የሚቀበል ሰው አይደለም፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ ያበጠ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ጉብ ብሎ ጠበቀው።

«አባትዎ በስንት ዓመታቸው አረፉ?»

«በሠላሳ ሁለት። በሬ ወጋቸው።»

«በሬ አይቆጠርም» አለና ጻፈ። «ሌሊት ያስልዎታል?»

ይርዳው ሳሉን ውጦ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ታገለ። «እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

ማንጠግቦሽ ከጓዳ ሆና አበደች። ወጥታ «ሳል እንጂ አንተ! ለምን ታፍነዋለህ? ሳል!» አለችው።

«በእንግዳ ፊት?» አላት ተቆጥቶ። ተማኙ ሲነሣ ይርዳው ጋቢውን እየጎተተ እስከ አጥሩ በር ሸኘው፤ ይህም ለብቻው ተጻፈ። ሰውዬው ከዓይን እንደራቀ በሩን ይዞ ተንበረከከና ደም እስኪተፋ ሳለ። ይህን የሚጽፍ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማንጠግቦሽ ተስፋዋን ጎረቤት ላይ ጣለች። የምትለምነው ቀላል ነገር መስሏት ነበር፤ ክፉ እንዲናገሩ ሳይሆን ዝም እንዲሉ። ከሰዓት በኋላ አቶ ቸኮል ዘንድ ሄደች። ቸኮል የሠፈሩ ሽማግሌ ነው፤ በጠባቡ ቁና ዘጠኝ ዓመት ከተሰፈረላቸው ድሆች አንዱም እሱ ነው።

«አባባ ቸኮል፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ፤ ነገ ችሎት አይምጡ። ከመጡም አይመርቁት።»

ሽማግሌው ደነገጠ። «ምን በደለኝና ነው የማልመርቀው?»

«እህልዎን ሰርቋል እኮ!»

«እሱማ ሰርቋል። ስርቆቱ ሌላ፣ ምርቃቱ ሌላ። ጎረቤቴ ችሎት ቆሞ እኔ ቤቴ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል? ቂም ይዞ ነው አይለኝም?»

«ምርቃትዎ ያሳስረዋል፣ አባባ።»

«ምርቃት ሰው አስሮ አያውቅም» አለና ተቆጣ። «ይልቅ አንቺ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ የባልሽን ዕድሜ እንዳይረዝም መለመን ምን የሚሉት ነገር ነው!» ወሬው እስከ ማታ ሠፈሩን አዳረሰ። መምጣት ያላሰበው ሁሉ፣ ከሚስቱ ሟርት ሊያድነው ብሎ ለመምጣት ቆረጠ።

በማግስቱ ችሎቱ እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። እኔ መዝገቤን ዘርግቼ ብዕሬን አጠቀስኩ። ይርዳው አጥር በምትመስለው የተከሳሽ ሳንቃ ውስጥ ቆሟል፤ ሰው ስለበዛለት ፊቱ በርቷል። ጎረቤቶቹ ተራ በተራ ቆሙ። አንዷ «ዕድሜ ከጤና ይስጥህ» አለች፤ ቁጥር ስለሌለው አልተያዘም። አንዱ ዘጠና አለ። አቶ ቸኮል በትሩን ተደግፎ ተነሣና «እንደ ማቱሳላ ያኑርህ!» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ተማኙ ጎንበስ ብሎ «መቶ በል» አለኝ። ጻፍኩ።

ይርዳው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ሰርቋቸዋል፤ እነሱም ያውቃሉ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ዐየሁ፤ አሥር ዓመት እስራት እየተሰፈረለት መሆኑን የረሳው ይመስለኛል።

«በአንድ ማዕድ የሚበላ፣ ተቃራኒ ቃል ያለው አለ?» አለ ዳኛው። ይህን በየችሎቱ ይላል፤ መልስ ስለማይጠብቅም እያለ ወረቀት ይገልጣል።

«አለሁ፣ ጌታዬ» አለች ማንጠግቦሽ።

ዳኛው ወረቀቱን ተወ። እሷ ወጥታ ቆመች። ወደ ባሏ አልዞረችም።

«በመጀመሪያ ጌታዬ፣ ይሄ ጡረታ የሚባለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን ሳናይ ወተቷን አምጡ ትሉናላችሁ።»

«የሰማይ ላምም ላም ናት» አለ ዳኛው። «ስለ ዕድሜው የሚሉት ካለዎት ይበሉ።»

ነጠላዋን አጥብቃ ሰበሰበች። ምስክርነቷ በላሟ ያለቀ መስሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ባሌ ይህን ክረምት አያልፍም» አለች። «ሐኪሙ ብርድ ነው አላለኝም። እኔ ነኝ ብርድ ነው ያልኩት። ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያድረው፣ ሲተኛ ይታፈናል። እግሩ ከጉልበቱ በላይ አብጧል፣ ጋቢውን ግለጡና እዩት። ይሞታል፣ ጌታዬ። ስልሳ ዓመት አይሞላውም። አንዲት ቁና አይበላም።»

ችሎቱ ተናወጠ። «ምላስሽን ይቁረጠው!» አለ አንዱ። «ሟርተኛ!» «እንዲህ ያለች ሚስት ነው ጎኑ የሚያድረው!» አቶ ቸኮል በትሩን ሲወዘውዝ ሁለት ሰው ያዘው። ዳኛው መዶሻውን መታ። ማንጠግቦሽ ያን ሁሉ አልሰማችውም። ዞራ ባሏን ዐየችው።

ይርዳው ሳንቃውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ጋቢውን ገለጠና የገዛ እግሩን፣ የሰው እግር እንደሚያይ ሰው፣ ተመለከተው።

«ብርድ ነው አልሽኝ እኮ» አላት።

«ዋሸሁህ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። «ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።» ከዚያ ሳሉ መጣበት፤ ማፈን ትቶ ሳለው። ሲጨርስ አፉን ጠረገና ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ በየቀኑ የሚሉትን ተራ ነገር አለ፦ «አይዞሽ አታልቅሺ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ይህ ምርቃት ነው። በችሎት ውስጥ የተነገረ ምርቃት ሁሉ ይጻፋል፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ጆሮዬ ደከመ ማለት እችል ነበር። ቀለም ደፋሁ ማለት እችል ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልመጣልኝም። ሃያ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ራሱ ሄደና ጻፈ፣ ያውም በጥሩ ጽሕፈት።

ተማኙ መስመሩን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አነበበና ዓይኑ በራ። «ጌታዬ፣ ዝውውር አለ!» አለ። ከዳኛው ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ ዳኛው ተነሥቶ እንዲህ ሲል ውሳኔውን አነበበ።

«የሚስትየዋ ምስክርነት ታምኗል። አቶ ይርዳው ይህን ክረምት እንደማያልፉ ችሎቱ ተቀብሏል። ስለዚህ ከእርሳቸው ድርሻ የሚገመት ጡረታ የለም።»

ማንጠግቦሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሁን እንጂ» አለ ዳኛው፣ «ሰውዬው ሲሞቱ የጡረታው ግማሽ ለሚስታቸው ያልፋል። ይህም ዛሬ የሰውዬው ሀብት ነው። ሚስትየዋ ስንት ዓመት ይበሉታል የሚለውን በተመለከተ፣ ተከሳሹ የተመረቁለትን አርባ የጡረታ ዓመት በችሎት ፊት ለእሳቸው አስተላልፈዋል። በዓመት ስድስት ቁና፣ ሁለት መቶ አርባ ቁና ይሆናል። ቤቱ ይሸጣል። ሁለት መቶ አርባው ዛሬ ካልተከፈለ አቶ ይርዳው አምስት ዓመት ይታሰራሉ።»

«ክረምቱን አያልፍም ብላችሁ አሁን አመናችሁ አይደል?» አለች ማንጠግቦሽ። «ማነው አምስት ዓመት የሚታሰረው?»

ዳኛው ጥያቄዋን እንደ ሞኝ ጥያቄ አልቆጠረውም፤ ሕጉን ገልጦ አየ። «እስከሚሞቱ ድረስ እሳቸው። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ዕድሜው የተላለፈለት ሰው ይጨርሳል። እህሉም የእርስዎ ነውና።»

ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከዚያ አንዲት ጎረቤት ተጠግታ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከአሥር ወደ አምስት ወረደልሽ እኮ» አለቻት። ከልቧ ነበር። ሌሎችም ተከታትለው ጨበጧት። አቶ ቸኮል ግን ወደ ማንም ሳያይ ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዐየሁ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ሁለት ወታደሮች ይርዳውን ሊወስዱት መጡ። ጫማ እግሩ ውስጥ አልገባ ብሎ በእጁ ይዞታል። ማንጠግቦሽ ሲራመድ አየችውና ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ ቀሪውን የምታሰረው እኔ ነኝ አላሉም?»

«ነኝ ብያለሁ፤ ማለቴ ነዎት።»

«እንግዲያው የእኔን ዛሬ ልጀምር። አብሬው ልግባ።»

ዳኛው ብዙ ነገር ሰምቷል፤ ይህን ግን አልሰማም ነበር። «ሁለት ሰው ስለታሰረ ዕዳው በእጥፍ አይቀንስም» አላት። «እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ምንም አያተርፉም። አሁን ቤትዎ ይሂዱ፣ ሲጠሩ ይመጣሉ።»

«ቤቴን ወስዳችሁታል።»

«ለምን መግባት ፈለጉ?»

«ሲሞት እጄ ላይ እንዲሞት ነው» አለች።

ዳኛው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሕጉን ገለበጠ። ሰው ወህኒ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ አላገኘም። ፈረመ።

የእኛ ወህኒ ቤት የወንድና የሴት ግቢ ለየብቻ አለው። ጠባቂው ግን ደብዳቤውን ሲያነብ «አንድ ዕዳ» ይላል፤ አንድ ዕዳ ደግሞ ሁለት ክፍል አይሰጠውም። ስለዚህ በግቢዎቹ መሀል ያለችውን፣ ድሮ አካፋና ዶማ ይቀመጥባት የነበረችውን ክፍል ሰጣቸው። ማንጠግቦሽ መሬቱን ጠረገች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጋቢው ጋር ደራርባ ትራሱን ከፍ አደረገችለት። ጨው የሌለበት ሽሮ ትሠራለት ነበር፤ ይርዳው «ይሄ ምን ወጥ ነው» እያለ ይጨቃጨቃታል፣ እሷም ትመልስለታለች፤ ጠባቂዎቹ ጭቅጭቃቸውን ለምደውት ጸጥ ሲሉ መጥተው ያዩአቸው ነበር። ክረምቱ ሲበረታ መናገር አቃተው። ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ለብቻዋ ተጨቃጨቀች።

በሰባ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በረዶ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሞተ። እጇ ላይ ነበር። ጠባቂዎቹ ሲደርሱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኑን ከድናለት ነበር፤ አላለቀሰችም አሉኝ፣ ዝናቡን ትሰማ ነበር አሉኝ። ለቀብሩ ግማሽ ቀን ተፈቀደላት። አቶ ቸኮል አፈር አለበሰው። ከቀብሩ መልስ ሁለት ወታደሮች መሀል ሆና ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን መዝገቤን ይዤ ሄድኩ። ሟቹ መሞታቸውን ባለዕዳዋ መፈረም ስላለባት ነው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ መቀመጫ ስለሌለ የተገለበጠ ባልዲ አቀረበችልኝ።

«ስንት ቀረኝ?» አለች።

«አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ከአሥራ ሰባት ቀን። የመጡበትን ቀን ቆጥሬልዎታለሁ።» ቀኑን መቁጠሬን እንደ ውለታ መናገሬ እዚያው ላይ አሳፈረኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን ያቺን ቃል ባልጻፋት ኖሮ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ቂም ይዤብሃለሁም አላለችም። መዝገቡን ወደ እሷ ጎትታ አሳየኝ አለችኝ፤ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት፦ አቶ ይርዳው፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ሞተ፣ ዕዳው ይቀጥላል።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እጄ ላይ መሞቱንም ጻፈው።»

«መዝገቡ እንዲህ ያለውን አይቀበልም፣ እትዬ። ብጽፈውም ይሰርዙታል።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ አጠገቡ አተመችና መዝገቡን መለሰችልኝ። «እንግዲያው በራስህ ወረቀት ጻፈው» አለችኝ።

ጻፍኩት።